ውሃን ሰዓት ያስቆጠረው ኢንጂነር፦ የአል ጀዘሪ ማሽኖች እንዴት ነበር የሚሰሩት?

ንጉሡ እጁን ሲታጠብ ሰው አጠገቡ ቆሞ ውሃ እንዲያፈስለት አይወድም ነበር። ዛሬ ቢሆን ቧንቧ ከፍቶ መታጠብ ነው፣ ነገሩ የሆነው ግን ከ800 ዓመት በፊት ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ሙስሊም ነው፣ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል፣ ስለዚ በቀን ስንት ጊዜ ማስታጠቢያ የያዘ ሰው ፊቱ ይቆማል ማለት ነው። እና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረውን ኢንጂነር ጠርቶ አንድ ነገር አድርግልኝ አለው። ኢንጂነሩም የሰው ቅርጽ ያለው አስታጣቢ ሰርቶ አመጣለት፣ ራሱ ውሃ የሚያፈስ፣ ሲጨርስ ራሱ ፎጣ የሚያቀብል።

ይሄ ሰው አል ጀዘሪ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስሙ ሲነሳ ብዙ ጊዜ "የሮቦት አባት" ተብሎ አንድ የሚያምር ስእል ይለጠፍና በዛው ይታለፋል፣ እኔ ግን ማሽኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ለምን እንደሚሰሩ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ሁሌ ይናፍቀኛል፣ ምክንያቱም የሰውየው ትልቅነት ያለው እዛ ውስጥ ነው። ስለዚ ልሞክር።

መጀመሪያ ማን እንደነበረ ባጭሩ። ሙሉ ስሙ ባዲ አዝ ዘማን አቡል ኢዝ ኢስማዒል ኢብኑ አር ረዛዝ አል ጀዘሪ ነው። አል ጀዘሪ ማለት የአል ጀዚራ ሰው ማለት ነው፣ ጀዚራ የሚሉት በኤፍራጥስና በጤግሮስ ወንዞች መሀል ያለውን የላይኛውን መስጴጦምያ ነው። የሰራበት ከተማ ያኔ አሚድ ይባል ነበር፣ አሁን ዲያርባኪር ነው፣ ደቡብ ምስራቅ ቱርክ ውስጥ ጤግሮስ ዳር ያለችው። አርቱቂድ የሚባሉ ነገሥታት ነበሩ የሚገዙት፣ እሱም መጀመሪያ አባትየውን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ልጆቹን ተራ በተራ እያገለገለ 25 ዓመት ገደማ ቆየ። ጊዜውን በኛ ለማሰብ ያህል፣ ንጉሥ ላሊበላ በነበረበት ዘመን አካባቢ ነው።

መጨረሻ ላይ ያገለገለው ንጉሥ ናስር አድ ዲን ማሕሙድ ነው፣ እና ይሄ ንጉሥ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። ይሄን ሁሉ ስትደክምበት የኖርከውን ስራ እንዲሁ እንዳይጠፋ መጽሐፍ አድርገህ ጻፈው አለው። አል ጀዘሪም ጻፈ፣ በ1206 እ.ኤ.አ. ጨረሰው። 50 ማሽን አለበት፣ በ6 ክፍል ነው የተከፈለው፦ ሰዓቶች፣ የግብዣ እቃዎች፣ የማስታጠቢያና ደም የመቅጃ እቃዎች፣ ፏፏቴና ራሳቸውን የሚጫወቱ የሙዚቃ መሳሪያዎች፣ ውሃ ማውጫ ማሽኖች፣ ከዛ ልዩ ልዩ። ስእል አለው፣ ልክ አለው፣ በስእሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ክፍል በፊደል ተለይቷል፣ እና እንደዛሬ ማኑዋል ይሄን ፊደል ከዛኛው ጋር አገናኝ እያለ ነው የሚሄደው።

እሱ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመረም፣ ይሄንን ራሱም ይናገራል። ከሱ በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ባኑ ሙሳ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ተመሳሳይ መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ከነሱም በፊት የግሪኮቹ ስራ አለ። የሱ ልዩነት ምንድነው ካላችሁ፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነገር እውነት ነው ብሎ አይቀበልም። መግቢያው ላይ፣ ተሰርቶ ያልተሞከረ እውቀት በእውነትና በውሸት መሀል ተንጠልጥሎ የሚቀር ነው የሚል ሀሳብ አለው። ይሄን ሀሳብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። ከሁሉም በላይ ታዋቂው የዝሆኑ ሰዓት ነው። ከላይ ሲታይ ትልቅ ዝሆን ነው፣ ጀርባው ላይ ጸሐፊ ተቀምጧል፣ አንገቱ ላይ ነጂው አለ፣ ከበላያቸው እንደ ትንሽ ቤተ መንግሥት የሆነ ነገር አለ፣ ጭልፊቶችና እባብ መሳይ ዘንዶዎች አሉ፣ ጫፉ ላይ ወፍ። ይሄ ሁሉ ጌጥ ነው፣ ሰዓቱ ያለው የዝሆኑ ሆድ ውስጥ ነው። እዛ ውስጥ ውሃ የሞላ ገንዳ አለ፣ ውሃው ላይ ጎድጓዳ ሳህን ተንሳፏል፣ ሳህኑ ታች ላይ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለው። ውሃ በቀዳዳው ቀስ እያለ ይገባል፣ ሳህኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ልክ ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሞልቶ ይሰምጣል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁምና አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን በጣም ቆንጆ የሆነ ነገር ነው። ለምን ሰማጭ ሳህን? ለምን በቀላሉ ጋን ውስጥ ውሃ ሞልተህ ከታች በስተህ ሲፈስ አትለካም? ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሙሉ ጋን ከታች ሲበሳ መጀመሪያ ላይ ውሃው በሃይል ይወጣል፣ እየጎደለ ሲሄድ ግን ከላይ የሚጫነው ውሃ ስለሚቀንስ እየደከመ ይመጣል፣ ጋኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚወጣው ውሃ የመጀመሪያውን 70 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ሩብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ግማሽ ብቻ። ስለዚ የመጀመሪያው አንድ ጣት ውሃ የሚፈስበት ጊዜና የመጨረሻው አንድ ጣት የሚፈስበት ጊዜ በጭራሽ እኩል አይደሉም። ሰማጭ ሳህን ጋ ስትመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሃውን ወደ ውስጥ የሚገፋው በሳህኑ ውስጥ ባለው ውሃና በውጪው ውሃ መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው፣ ያ ልዩነት ደግሞ የሚመጣው ከሳህኑ ክብደት ነው፣ የሳህኑ ክብደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። ስለዚ ግድግዳው ቀጥ ያለና ስስ ከሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ውሃው በእኩል ፍጥነት ነው የሚገባው። በቃ፣ ምንም ተጨማሪ ነገር ሳይኖረው በተፈጥሮው የተስተካከለ ሰዓት ነው።

እኔ ይሄ ነገር በንባብ አልገባኝም ነበር፣ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ጣሳ ወስጄ ታችውን በመርፌ በስቼ ባልዲ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ግድግዳው ላይ በማርከር እኩል መስመር አስምሬበት ስለነበር መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲሰምጡ በስልኬ ያዝኩ፣ እና በመስመርና በመስመር መሀል ያለው ጊዜ ተቀራራቢ ሆኖ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ አንድ ሰው ከ800 ዓመት በፊት ያየውን ነገር በራሴ አይን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

ወደ ዝሆኑ እንመለስ። ሳህኑ ሲወርድ ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ከላይ ያለውን ጸሐፊ ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ጸሐፊው የያዘው ብእር ደግሞ ቁጥር ባለው ክብ ላይ እየሄደ ከግማሽ ሰዓቱ ስንት እንዳለፈ ያሳያል። ይሄ እንግዲህ የደቂቃ ቆጣሪው ነው። ሳህኑ ሞልቶ ድንገት ሲሰምጥ ገመዱን በሃይል ይስበውና ላይኛው ቤት ውስጥ ከተደረደሩት የብረት ኳሶች አንዷን ይለቃታል። ኳሷ ተንከባላ ስትወርድ ጫፍ ላይ ያለውን ወፍ ታዞራለች፣ ከዛ ከጭልፊቱ አፍ ትወጣና ዘንዶው አፍ ውስጥ ትወድቃለች። ዘንዶው መሀሉ ላይ በዘንግ የተሰካ ነው፣ ልክ እንደ ሚዛን፣ ኳሷ አፉ ውስጥ ስትገባ ራሱ ይከብድና ወደ ታች ያጎነብሳል። ሲያጎነብስ ኳሷን ከዝሆኑ ትከሻ አጠገብ ያለ እቃ ውስጥ ይጥላታል፣ ነጂው እጁን አንስቶ ዝሆኑን ይመታል፣ ኳሷ ወደ ውስጥ ገብታ የነሐስ ሳህን ላይ ስትወድቅ ጓ ብላ ትጮሃለች፣ ሰዉ ግማሽ ሰዓት እንደሞላ ይሰማል።

ግን ዋናው ነገር ገና ነው። ዘንዶው ሲያጎነብስ ጭራው በሰንሰለት የሰመጠውን ሳህን ይጎትታል። ሳህኑ በአንድ ጎኑ የታሰረ ስለሆነ ሲጎተት ያዘነብላል፣ የያዘውን ውሃ ይደፋል፣ ዘንዶው ኳሷን ጥሎ ቀለል ብሎት ወደ ቦታው ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እና እንደገና መስመጥ ይጀምራል። አያችሁት? የሰዓቱ መጨረሻ ራሱ የሚቀጥለውን ሰዓት ያስጀምረዋል፣ ማንም ሰው መንካት አያስፈልገውም፣ ኳሶቹ እስኪያልቁ ድረስ። ባትሪው ኳሷ ናት ማለት ትችላላችሁ፣ ጠዋት ሰው ኳሶቹን ወደ ላይ ሲያወጣቸው የሰጣቸው ሃይል ነው ቀኑን ሙሉ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየተቆረሰ የሚወጣው።

ሁለተኛው ትልቅ ሰዓት ቤተ መንግሥት ቅርጽ ያለው ነው፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ በሮች ይከፈታሉ፣ ምስሎች ይወጣሉ፣ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። እዚህ ላይ የነበረበት ችግር ግን ለኛ ትንሽ እንግዳ ነው። ያኔ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፣ ቀኑ 12 ሰዓት ሌሊቱ 12 ሰዓት። ለኛ ምንም ችግር የለውም፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀንና ሌሊት አመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም። ዲያርባኪር ግን ወደ ሰሜን ራቅ ያለ ነው፣ ሰኔ ላይ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፣ ታኅሣሥ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ቀኑን ለ12 እኩል ካካፈልከው የሰኔው አንድ ሰዓት 74 ደቂቃ አካባቢ፣ የታኅሣሡ ደግሞ 47 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በየቀኑ ርዝመቱ የሚለዋወጥ ሰዓት የሚቆጥር ማሽን እንዴት ይሰራል?

መልሱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ውሃው ሁሌ እኩል ግፊት እንዲኖረው ማድረግ። ለዚህ ትልቁ ታንከር በቀጥታ አይፈስም፣ መሀል ላይ ትንሽ እቃ አለ፣ ውስጡ ተንሳፋፊ አለ፣ ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ተነስቶ የመግቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ዝቅ ሲል ይከፍታል። ሽንት ቤት ታንከር ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩ ውሃው ሲሞላ ተነስቶ የሚዘጋው ነገር አለ አይደል፣ ሀሳቡ እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ቀዳዳው ዝቅ ካለ ግፊት ስለሚበዛ ቶሎ ይፈሳል፣ ሰዓቱ ያጥራል፣ ከፍ ካለ ቀስ ይላል፣ ሰዓቱ ይረዝማል። ቀዳዳውን ክብ ነገር ላይ አድርገህ እንደ ወቅቱ ታዞረዋለህ።

ከሱ በፊት የነበረው ዲዛይን ግማሽ ክብ ላይ ምልክት የተደረገበት ነበር፣ የአርኪሜደስ ነው እየተባለ የመጣ። አል ጀዘሪ ሰርቶ ሞከረው፣ ስህተት ሆኖ አገኘው። የአርኪሜደስን ስም አይቶ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብሎ አልተወውም፣ ሌላ አሰራር ሞከረ፣ እሱም አልሆነም፣ እንደገና ሞከረ፣ በመጨረሻ ሙሉ ክብ የሆነ የራሱን ሰራና ምልክቶቹን በሙከራ አገኛቸው። ዛሬ ይሄ ለምን በሙከራ መሆን እንዳለበት እናውቃለን፣ የሚፈሰው ውሃ ከጥልቀቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ፍሰቱ እጥፍ እንዲሆን ጥልቀቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፣ ስለዚ ምልክቶቹን እኩል እኩል አራርቀህ ብታስቀምጥ ሰዓቱ ይዛባል። እሱ ይሄ ፎርሙላ አልነበረውም፣ የነበረው ትእግስት ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሀሳብ ይሄ ነው፣ መግቢያ ላይ ለማሳመር የተጻፈ አይደለም፣ ኖሮበታል።

አሁን ደግሞ ለኔ ከሰዓቶቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ የውሃ ፓምፑ ነው። የሚያምር ወፍ የለውም፣ ለዛ ይሆናል ብዙ የማይወራለት። ወንዝ የሚያዞረው ጎማ አለ፣ ጎማው ጥርስ ያለው ሌላ ጎማ ያዞራል፣ የሁለተኛው ጎማ ጠርዝ ላይ አንድ ችንካር ቆሟል። ችንካሩ መሀሉ የተሰነጠቀ ረጅም ዘንግ ውስጥ ይገባል፣ ጎማው ሲዞር ችንካሩ ስንጥቁ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ ዘንጉን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያወዛውዘዋል። ዙረት ወደ ምልልስ ተቀየረ ማለት ነው። ዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ፒስተን ተያይዞበታል፣ ፊት ለፊት የተጋደሙ፣ አንዱ ውሃ ሲስብ ሌላው ይገፋል፣ ዘንጉ ሲመለስ ደግሞ ይቀያየራሉ፣ ስለዚ አንዱም እንቅስቃሴ በከንቱ አይባክንም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ አለው፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ትንሽ በር በሉት፣ አንዱ ከወንዝ ያስገባል ግን አያስወጣም፣ ሌላው ወደ ላይኛው ቱቦ ያስወጣል ግን አይመልስም። የሁለቱ ቱቦ ከላይ ይገናኝና ውሃው 20 ክንድ ያህል ከፍታ ላይ ይወጣል።

አስተውሉ፣ የመሳቢያው ቱቦ አጭር ነው፣ የመግፊያው ነው ረጅሙ። ፒስተን ውሃ "ይስባል" እንላለን እንጂ በእውነት ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፣ ያ ደግሞ ቢበዛ 10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ከዛ በላይ ምንም ያህል ጠንካራ ፓምፕ ብትሰራ በመሳብ አይወጣም። በመግፋት ግን ቱቦህ እስከቻለ ድረስ ትችላለህ። የአየርን ክብደት ቶሪቼሊ ያሳየው በ1643 አካባቢ ነው፣ ከአል ጀዘሪ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እሱ ግን ማሽኑን ወንዙ አጠገብ ዝቅ አድርጎ ተክሎ ከዛ ወደ ላይ ነው የሚገፋው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። "ክራንክሻፍትን አል ጀዘሪ ፈጠረው፣ ያለሱ መኪና አይኖርም ነበር" የሚል ነገር በየቦታው ይጋራል፣ ክራንክ የሚሉት ያንን ዙረትን ወደ ምልልስ የሚቀይረውን ነገር ነው። ልክ አይደለም። እዛው ቱርክ ውስጥ ሄራፖሊስ ላይ የተገኘ የ3ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ አለ፣ በውሃ ጎማ የሚሰራ የድንጋይ መቁረጫ መጋዝ ያሳያል፣ ክራንክና ማያያዣ ዘንግ አለው። ስለዚ ሀሳቡ የቆየ ነው። አል ጀዘሪ ያደረገው ክራንክን ውሃ ማውጫ ላይ ማዋሉና እንዴት እንደሚሰራ ግልጽ አድርጎ ጽፎ ማቆየቱ ነው፣ ይሄ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ማጋነን ለምን ያስፈልጋል?

ሌሎቹን ሮጥ ሮጥ እያልኩ ልንገራችሁ። የጣዎስ ወፍ ማስታጠቢያው፦ ጭራው ላይ ያለውን ውታፍ ስትስብ ከአፉ ውሃ ይወርዳል፣ የታጠብክበት ቆሻሻ ውሃ ወርዶ ከስር ይጠራቀማል፣ ሲጠራቀም ተንሳፋፊ ያነሳል፣ ተንሳፋፊው በር ከፍቶ የሳሙና ዱቄት የያዘ ትንሽ ምስል ያወጣል፣ ውሃው ሲጨምር ሁለተኛው ተንሳፋፊ ፎጣ የያዘውን ያወጣል። ጊዜውን የሚለካው አንተው የታጠብክበት ውሃ ነው፣ ይሄ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ሙዚቀኞች ያሉበት ጀልባም አለ፣ ውስጡ የሚዞር ሲሊንደር ላይ ችንካሮች ተተክለዋል፣ እያንዳንዱ ችንካር ሲያልፍ የአንዱን ምስል እጅ አንስቶ ይለቀዋል፣ እጁ ከበሮውን ይመታል፣ የችንካሩን ቦታ ብትቀይር ምቱ ይቀየራል። አራት መዘውር ያለው ሳጥን አለ፣ እያንዳንዱ መዘውር ላይ 16 ፊደል፣ ልክ እንደዛሬ የሻንጣ ቁልፍ፣ 16 በ16 በ16 በ16 ስታባዙት 65,536 አማራጭ ይሆናል። ሐኪም ደም ሲቀዳ ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳይ እቃም ሰርቷል፣ በሽተኛው ከሚገባው በላይ እንዳይፈሰው።

እጅ ስራ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ደግሞ ለባለሙያ ናቸው። እንጨት ብቻውን ይጣመማል፣ ስለዚ ስስ ስስ አድርጎ ደራርቦ ያጣብቀዋል። ጎማ ከመግጠሙ በፊት በዘንጉ ላይ አንጠልጥሎ አንዱ ጎን ይከብድ እንደሆነ ያያል፣ ዛሬ ጎሚስታ ጋ ባላንስ የምናስደርገው ማለት ነው። ናስ የሚያፈሰው እርጥብ አሸዋ በተሞላ በተገጣጠመ ሳጥን ውስጥ ነው።

መጽሐፉ ተገልብጦ ተገልብጦ ደርሶናል፣ አንዱ ጥንታዊ ቅጂ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። በ1974 ዶናልድ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ፣ ራሱ ኢንጂነር የነበረና አረብኛ የተማረ፣ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። በ1976 ደግሞ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ያንን ትልቁን ሰዓት ጽሑፉን ተከትለው እንደገና ሰሩት፣ ውሃ ሞሉበት፣ ሰራ።

የኔ ጣሳ ልክ በግማሽ ሰዓት እንዲሰምጥ እየሞከርኩ ነው፣ ገና ነው። አል ጀዘሪ ቀዳዳን በሙከራ ነው የሚያስተካክለው፣ ስለዚ እኔም መጀመሪያ ከሚያስፈልገው አሳንሼ መብሳት፣ ከዛ በጥቂት በጥቂቱ እያሰፋሁ ከሰዓት ጋር ማስተያየት ጀመርኩ፣ አንዴ ከሰፋ አይጠብማ። የመጀመሪያውን ጣሳ አበላሸሁት፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው አሁን ባልዲው ውስጥ ነው ያለው፣ ትናንት በ34 ደቂቃ ሰምጧል፣ ዛሬ በመርፌ ትንሽ ዳበስ አድርጌው ለቅቄዋለሁ፣ አራት መስመር ይቀረዋል።